ከስልሳ የታረመ ፈተና

የዘጠና ዓመተ ምሕረት ሰኔ የገባው ሰኞ ቀን ነው። ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም፤ "የድሮ ሰው ወሬ ነው" ብሎ የሚያጣጥለውም ቢሆን በሆዱ "ብቻ ደግ ያሰማን" ማለቱ አይቀርም። በዚያ ላይ ሬዲዮኑ ከግንቦት ጀምሮ ከጦርነት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ላፍቶ ዳርቻ ባለው ትምህርት ቤት መምህራኑ ሻይ ክበብ ተሰብስበው ዜናውን አፋቸውን ከፍተው ሲሰሙ፣ ጀርባቸውን ለሬዲዮኑ ሰጥተው ፈተና የሚያርሙት ጋሽ ከበበው ብቻ ነበሩ። የሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ናቸው። ቀይ እስክሪብቷቸው ወረቀቱ ላይ ስትሄድ ላያት ደግ ነገር የምትጽፍ አትመስልም ነበር።

ጋሽ ከበበው ንፉግ ናቸው ሲባል ሰምታችሁ በገንዘብ እንዳይመስላችሁ። ኧረ በገንዘብስ እጃቸው ወንፊት ነው! ሻይ ክበብ ከገቡ ሌላ ሰው ከፍሎ አይወጣም። ንፉግነታቸው በማርክ ነው። እሳቸው ዘንድ ሰባ ያገኘ ልጅ ሰፈር ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ ሰማንያ ያገኘማ እናቱ ዓመቱን ሙሉ ስታወራለት ትከርማለች።

ተወልደው ያደጉት መንዝ ነው። ዳዊት ደግመው፣ ቀጥለው ዘመናዊውን ተምረው፣ ገና ጢማቸው በቅጡ ሳይበቅል መምህር ሆነው ወሎ ወረዱ። በደርግ ጊዜ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ሽጉጡን ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ አድርጎ፣ "ጓድ ከበበው፣ ለልጄ ሁለት ማርክ ጨምርለት" አላቸው። "ልጅህ ራሱ ይጨምር" ብለው መለሱለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መቼም አትጠይቁኝ፤ መጀመሪያ የቀበሌ እስር ቤት፣ ቀጥሎ ሰው ሲጠላ ወደሚላክበት በረሃ ዝውውር፤ ላፍቶ የገቡት ከዓመታት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነቡ እስከ ዛሬ "ለሁለት ማርክ ብሎ ልጆቼን በረሃ አሳደገብኝ" እያሉ ያሟቸዋል፤ ጨዋታ ሲያምራቸው ደግሞ "እኔንም ያገባኝ ስንት ጊዜ አርሞኝ ነው" ይላሉ። ጋሽ ከበበው ይስቃሉ። ያቺ ለሊቀመንበሩ የሰጧት መልስ ግን በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ የምታኮራቸው ነበረች።

ሰኔ ላይ የማርክ ልመና የሚባል አለ። እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትመጣለች፤ አባት የሰፈር ሽማግሌ አስከትሎ ይመጣል፤ ልጅ የአስተማሪው ደጅ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ሌሎቹ መምህራን ሰው ናቸው፤ አንድም ሁለትም ጣል ያደርጋሉ። ጋሽ ከበበው ጋ የመጣ ሁሉ ግን የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ "ያገኘኸው ያንተ ነው።" በሩ ይዘጋል።

ሚያዝያ ላይ የትምህርት ቤቱ አጥር በአንድ በኩል ተደርምሶ ነበርና ሊገነባው የመጣው ዳኜ የሚባል ሰው ነው። የሆሳዕና አገር ሰው፣ ፉሪ ጭቃ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ጸሎት ቤቱን የሚያዘወትር፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ግንበኛ ነው። በእረፍት ሰዓት ጋሽ ከበበው አጠገቡ ቆመው ሲያጫውቱት፣ "የወንድሜ ልጅ እርስዎ ጋ ትማራለች፤ ዓለሚቱ" አላቸው።

ዓለሚቱን ያውቋታል። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት። ሒሳብና እንግሊዝኛ ይከብዷታል፤ አማርኛ ላይ ግን ድርሰት ጻፉ ሲባል ወረቀቱ አይበቃትም።

"መምህር፣ ልጅቷ አጣብቂኝ ውስጥ ናት" አለ ዳኜ፣ ማንኪያውን ከሲሚንቶው ላይ ሳያነሳ። "አባቷ እዚያ አገር ለአንድ ሰውዬ ሊድራት ነው። ሰውዬው ሚስቱ የሞተችበት፣ የእኔ እኩያ ነው። የወንድሜ እግር ላይ ወድቄ ነው ያስቀረኋት። ወንድሜም 'እሺ፣ እስካለፈች ድረስ ትማር፤ ከወደቀች ግን አንድ ሳምንት አታሳድርብኝ' አለኝ። ቃሌን ሰጠሁ። ቃሌን ካጠፍኩ ወንድም የለኝም ማለት ነው።"

"ታዲያ ታልፋለቻ!" አሉ ጋሽ ከበበው።

"እግዚአብሔር ይስማዎት። በአንደኛው መንፈቅ ሃምሳን ያለፈችው ለጥቂት ነው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ከበበው ክፍል ሲገቡ ዓይናቸው ወደ ኋላ ወንበር እየሄደ አስቸገራቸው። መሄዱ ደግሞ አናደዳቸው። ሐዘኔታቸው ወደ እጃቸው ወርዶ ማርክ እንዳይሆን ፈሩ። እናም የዓለሚቱን የፋይናል ወረቀት ሲያርሙ ከሌላው ይልቅ ጠንክረው አረሙት፤ ነጥብ ሳይቀር ቆጠሩባት።

ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያገኘው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ድርጅት ለግሶት፣ ድሮ ኳስና ጠመኔ የሚቀመጥበትን ክፍል ነጭ ቀለም ቀብተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው አስቀመጡት። አቧራ ይገድለዋል ተብሎ በሩ ላይ "ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ሮበሌ ደስታቸውን አልቻሉትም። "ከእንግዲህ ካርድ በእጅ መጻፍ የለ፣ ድመራ የለ፣ ስሕተት የለ!" ይሉ ነበር፣ ያገኙትን ሁሉ ትከሻ እየመቱ።

ሥራው የተሰጠው ለሒሳብ አስተማሪው ለወጋየሁ ነው፤ ፒያሳ ኮርስ ወስዷል። ይህ ወጋየሁ በልጅነቱ የጋሽ ከበበው ተማሪ ነበር፤ ይኸው ጎልማሳ ሆኖም እሳቸውን ሲያይ ሲጋራውን ይጥላል። እንግዲህ ወጋየሁ ማሽኑ ላይ ለየፈተናው ክብደቱን ሞላ። የመንፈቁ ተስቶች ተደምረው ከአርባ ይያዛሉ። ፋይናሉን መምህሩ ከመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ ስልሳ በመቶውን የሚወስደው ማሽኑ ነው። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ትምህርት በሳምንት ባለው ክፍለ ጊዜ ልክ ክብደት ይሰጠዋል፤ አማርኛ በየቀኑ ስለሚሰጥ አማካዩን ከሚያነሱትና ከሚጥሉት ዋናው እሱ ሆነ። ወጋየሁ ልባም ሰው ነው፤ ያበጀው ነገር እንከን አልነበረውም።

ይህን ለማስረዳት መምህራኑ ኮምፒውተሩ ክፍል ተጠሩ። ሁሉም ጫማውን በር ላይ እየደረደረ ገባ። ጋሽ ከበበው ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"እኔ ጫማዬን የማወልቀው ለቤተ ክርስቲያን ነው" አሉ። "ለቴሌቪዥን አላወልቅም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሮበሌም እየሳቁ፣ "ግድ የለም ጋሽ ከበበው፣ ወጋየሁ በኋላ ይነግርዎታል" አሉ። እሳቸውም ተመልሰው ሄዱ።

ወጋየሁ በኋላ አልነገራቸውም። እንዴትስ ብሎ ይንገራቸው? እሱ ሄዶ ጋሽ ከበበውን "ማርክ የሚሞላው እንዲህ ነው" ሊላቸው? ምላሱ እንዴት ይታዘዝለታል! ፎርሙን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። "መቼም አይጠፋቸውም" ብሎ ራሱን አጽናና።

ጠፋቸው። ሌሎቹ መምህራን ድሮም ፋይናሉን ከመቶ እያረሙ በኋላ ወደ ስልሳ ይለውጡት ነበር፤ አሁን መለወጡን ለማሽኑ ተዉለት። ጋሽ ከበበው ግን ጥያቄውን ሲያወጡ ጀምሮ ከስልሳ ነው። "ምን መከራ ነው፣ ከመቶ አርሞ እንደገና ማካፈል!" ይላሉ። እንደ ልማዳቸው ተስቱን ከአርባ፣ ፋይናሉን ከስልሳ ሞልተው ሰጡ። ድምሩን ሳይሠሩ ተዉት፤ መደመር የማሽኑ ሥራ ነው ተብሏላ። ማሽን ምን ያውቃል? ከስልሳ የታረመውን ከመቶ የታረመ መስሎት፣ ከእያንዳንዱ ልጅ ላይ ሁለተኛ ቀነሰ።

ወጋየሁ ቁጥሮቹን ሲያስገባ በፋይናሉ አንድ ልጅ እንኳ ከስልሳ በላይ አለማግኘቱን አየ። እጁ ቆመ። ተነስቶ ለአቶ ሮበሌ አሳያቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና፣ "ወይ ጋሽ ከበበው! ዘንድሮስ ብሶባቸዋል፤ ልጆቹን ፈጇቸው እኮ!" ብለው ሳቁ። ወጋየሁም ትንሽ ሳቀ። ሄዶ ሊጠይቃቸው አሰበ፤ ከዚያ የሚመልሱለትን መልስ ገና ሳይሄድ ሰማው፣ ድሮ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁመው እንደሚያዋርዱት ሆኖ። ተወው። ቁጥሩን አስገብቶ ጨረሰና የጥልፉን ጨርቅ መልሶ አለበሰው።

ሰኔ ሠላሳ ማክሰኞ ዋለ። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ጥቁር ነበር፤ በፉሪ በኩል ያጉረመርማል እንጂ አይዘንብም። ልጆቹ ካርዳቸውን ተቀብለው አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ደግሞ ለዓመቱ ያስቀመጠውን ቡጢ ፍለጋ ከበር ውጭ ይጠብቃል። ካርዱ ያምራል፤ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው፣ ማኅተሙ ጥርት ያለ። ወላጆች እየተቀባበሉ ይዳብሱታል። ድሮ በእጅ ሲጻፍ "ይቺ ስድስት ናት ዜሮ?" ብሎ የሚጨቃጨቅ አይጠፋም ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ስለ አማርኛው ያማረረ ቢኖርም መልሱ አንድ ነው፤ "ጋሽ ከበበው ናቸው፣ ምን ይደረጋል!"

ዓለሚቱ ጋሽ ከበበውን መምህራን ክፍል ብቻቸውን አገኘቻቸው። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

"ጋሼ።"

"አቤት።"

"አማርኛ ሃምሳ አራት ይላል።"

"ሃምሳ አራት ከእኔ ማግኘት ቀላል ነው?"

"አይደለም። ግን..." ካርዱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። "አማካዬ አርባ ዘጠኝ ሆነ። ወድቃለች ይላል። ፋይናሉን የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ወረቀቴን አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ ብዬ ነው።"

ጋሽ ከበበው የዳኜ ቃል ትዝ አላቸው፤ አንድ ሳምንት አታሳድርብኝ። "እስቲ ነገ ነይ" ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ወዲያው ግን ያ የድሮው ነገር ተነሳባቸው። ለሽጉጥ ያልሰጡትን ማርክ ዛሬ ለእንባ ሊሰጡ ነው? ነገ ደግሞ የማን እናት ትመጣለች?

"ዓለሚቱ፣ ይሄ ልመና ነው።"

"ልመና አይደለም ጋሼ። እንዲያዩልኝ ብቻ ነው።"

"ያገኘሽው ያንቺ ነው። ሂጂ።"

ብታለቅስ ይቀላቸው ነበር፤ ለመናደድም ይመቻቸው ነበር። አላለቀሰችም። "እሺ ጋሼ" አለችና እጅ ነስታ ሄደች። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ጋሽ ከበበው መስኮቱ ጋ ቆመው ግቢውን እያዩ፣ አንዳች ነገር ረስቶ ከቤት እንደ ወጣ ሰው ኪሳቸውን ይደባብሱ ጀመር። ምን እንደ ጎደላቸው ግን አላወቁትም።

ሐምሌ ገባ። የዚያን ዓመት ክረምት የያዘው እልህ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ዘጋ፣ የላፍቶ ዋልካ ጭቃ ጫማ ይነጥቃል። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት የጋሽ ከበበው ቤት ቆርቆሮ ማፍሰስ ጀመረ፤ የሚያፈስሰው ደግሞ የፈተና ወረቀቶቹ የታሰሩበት ጆንያ ላይ ነው። ወይዘሮ ዘነቡ ጆንያውን ጎትተው፣ የረጠበውን እየለዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያሰጡ አንዱን አንስተው ሳቁ።

"አንተ! ዘንድሮስ ምን ነካህ? ለአንዷ ከስልሳ አርባ አንድ ሰጥተሃል!"

"ለማን?"

"ዓለሚቱ ይላል።"

ጋሽ ከበበው ጋዜጣቸውን አስቀመጡ። የተማሪ ማርክ ትንሽ ካስታወሷቸው ይመጣላቸዋል፤ የማይመጣላቸው የልጆቻቸው ልደት ነው። ተስቷ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ሃያ ዘጠኝና አርባ አንድ ሰባ ነው። ሃምሳ አራቱ ከየት መጣ? ወረቀቱን ከዘነቡ እጅ ነጥቀው ገጽ በገጽ ደመሩት። አርባ አንድ ነው። በገዛ እጃቸው፣ በቀይ፣ ጠንክረው ያረሙት አርባ አንድ።

"ወይኔ!" አሉ። ዘነቡ "ምን ሆንክ?" ሲሏቸው ጃንጥላውን እንኳ ሳይዙ ወጥተው ነበር።

ወጋየሁን ኮምፒውተሩ ክፍል አገኙት። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ለብሰው ምንጣፉ ላይ ሲቆሙ ቀና ብሎ አያቸውና ተነስቶ ቆመ። ወረቀቱን ሰጡት። አየው፤ ከቀይ ቁጥሩ በታች የተጻፈችውን ስልሳ አየ።

"ጋሼ፣ ሁሉንም ከስልሳ ነው ያረሙት?"

"ከስንት ላርም ኖሯል?"

"ማሽኑ... ከመቶ ነው የሚጠብቀው ጋሼ። ስልሳ በመቶውን እሱ ነው የሚወስደው።"

ጋሽ ከበበው ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ አልፈጀባቸውም። "ስታስገባው አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ።"

"አይተህ ዝም አልክ?"

ወጋየሁ አንገቱን ደፋ። "ፈራሁዎት ጋሼ" አለ።

ጋሽ ከበበው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወጋየሁ ቁጥሩን አስተካከለ። ዓለሚቱ፣ አማካይ ሃምሳ ነጥብ ስድስት፣ አልፋለች። ሊያትመው ሲል መብራት ጠፋ። ይምጣ ይሆን ብለው ትንሽ ጠበቁ፤ አልመጣም። ጋሽ ከበበው ከመሳቢያው ባዶ ካርድ አውጥተው ራሳቸው በእጃቸው ሞሉት። ለማኅተም ቢሮ ሲወስዱት አቶ ሮበሌ መጀመሪያ ላይ፣ "ውጤቱ እኮ ለበላይ ተልኳል፣ በመስከረም አስተካክለን ለሁሉም..." ማለት ጀምረው ነበር። የጋሽ ከበበውን ዓይን ሲያዩ አቋርጠው ማኅተሙን አወጡ።

ከላፍቶ እስከ ፉሪ ያለው መንገድ በበጋ እንኳ አድካሚ ነው። ሚኒባሶቹ ጭቃውን ፈርተው ሀና ማርያም ጋ እየተመለሱ ነበርና ጋሽ ከበበው ከዚያ በኋላ ያለውን በእግራቸው ሄዱት። ካርዱን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተዋል። ገና ሳምንት መሙላቱ ነው፣ እያሉ ይሄዳሉ። ሰው በአንድ ሳምንት ልጅ አይሰድም። ዝናብ ነው፤ መንገዱም ተበላሽቷል፤ አውቶቡስ የለም ይሆናል። ለራሳቸው ይህን ሁሉ ይበሉ እንጂ እግራቸው አላመናቸውም፤ እየሮጠ ነበር ማለት ይቻላል።

ዳኜ ደጁ ላይ ጎንበስ ብሎ የጎርፍ መውረጃ ይቆፍራል። ሲያያቸው አካፋውን ጣለ። "መምህር! በዚህ ዝናብ? ይግቡ እንጂ!"

"ዓለሚቱ አለች?"

"ቅዳሜ ራሴ አደረስኳት" አለ ዳኜ። "ገና አሁን መግባቴ ነው። ሽማግሌዎቹ ትናንት መጡ። ወንድሜ መርቆ ሰጠ። አለቀ።"

ጋሽ ከበበው ካርዱን ከደረታቸው አውጥተው ዘረጉለት። "አልፋለች" አሉ። "ማሽኑ..." ብለው ጀመሩና አቆሙ። "ማሽኑ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ዳኜ ጭቃማ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ካርዱን ተቀበለ። ቀስ እያለ አነበበው፤ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

"እኔ እኮ ልመጣ ነበር" አለ። "ካርዱን ያመጣች ዕለት፣ 'ነይ፣ ሄደን መምህርን እንጠይቃቸው፤ ሰው ናቸውና ስሕተት አይጠፋም' አልኳት። እምቢ አለችኝ። 'ተው አጎቴ፣ ሌላ አስተማሪ ቢሆን እሺ። ጋሽ ከበበው ካሉ ልክ ነው፤ እሳቸው ፊት አታሳፍረኝ' አለችኝ። ከዚያ ገብታ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች።"

ጋሽ ከበበው ዝናቡ ላይ እንደ ቆሙ ነው። ዳኜ ካርዱን አጥፎ መለሰላቸው።

"ይሄን ለእኔ አይስጡኝ መምህር" አለ፣ ሳይቆጣ። "የእሷ ነበር።"